የአሥራ አንድ ሰዓት ሆድ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አልጋው ራስጌውን ዝቅ አድርጎ ሶልያናን ይቀሰቅሳታል። ሌሊቱን ሙሉ ራስጌው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው የሚያድረው፤ የሆድ ሕመምተኛ ቀና ብሎ እንጂ ተዘርግቶ አይተኛም። አልጋው የባልና ሚስት ስለሆነ ከፍ ዝቅ የሚለው በሁለቱም ወገን ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ትራስ፣ ሦስት ዓመት ማንም ሳይተኛበት፣ በየማታው ይነሣል፣ በየጠዋቱ ይወርዳል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ድምፁ የሴት ነው፤ የተማረች፣ የማትቸኩል ሴት።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሶልያና። ሆድዎ ዛሬ እንዴት ነው? ተሻለዎት፣ እንዳለ ነው፣ ወይስ ባሰዎት?»

«ባሰኝ» ትላለች ሶልያና፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች።

«እግዜር ይማርዎት» ይላል ድምፁ።

ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ መልሷ አሥራ አንድ ኩባንያዎች ዘንድ ደርሷል። ቁርስ ሳትቀምስ ዳቦ ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ የመሥሪያ ቤቷ ምግብ ቤት፣ ሐዋሳ ያለው የልጇ የባሮክ ስልክ፣ ሁሉም ሆዷ እንደባሰባት ያውቃሉ።

ሶልያና ግን ሆዷን ታማ አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በጉልበት ነው። በ2068 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ባሏ ኪሩቤል በሞተ በሁለተኛው ወር፣ ጉልበቷን አሟት ደብረ ብርሃን ሰፈሯ ውስጥ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደች። ፌቨን የምትባል ወጣት ነርስ ተንበርክካ ጉልበቷን እየዳሰሰች ጠየቀቻት፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሚ የሚነገረውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ሰሚው መዳፍ የሚያህል ነጭ ክብ መሣሪያ ነው። ድሮ ነርሱም ሐኪሙም በሽተኛው ያለውን እንደመሰለው እየጻፈ ብዙ ስሕተት ተሠርቷል፤ አሁን የሚመዘገበው በሽተኛው ያለው ብቻ፣ እንዳለው ነው። መካከል ገብቶ መተርጎም የሥራ ፈቃድ ያሳጣል።

ለጉልበቷ ቅባት ታዘዘ። ሶልያና ልትነሣ ስትል ሲስተር ፌቨን፣ ደንቡ ሳያዛት፣ «ሌላስ እንዴት ነዎት፣ እትዬ?» አለቻት።

ሁለት ወር ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ «ደህና ነኝ» ስትል ከርማለች። ሶልያና ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ ተምራ፣ ሠላሳ ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ የገበሬ ማሳ አፈር ስትመዝን የኖረች፣ የውስጧን አደባባይ ማውጣት የማትወድ ሴት ናት። በባሏ ቀብር ዕለት እንኳ ሰው ያያት ለለቀስተኛው ወንበር ስታስተካክል ነው። ያን ዕለት ግን ልጅቷ ስትጠይቃት እጇ ገና ጉልበቷ ላይ ስለነበር ይሆናል፣ ቃሉ ከአፏ አመለጣት።

«ሆድ ይብሰኛል» አለች።

ሲስተር ፌቨን ገባት። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው አነጋገር ነው። እጇን ሳታነሣ ራሷን ነቀነቀች። ሰሚው ግን ዝም ማለትን አያውቅም።

«መቼ መቼ ነው የሚብስዎት?» ሲል ጠየቀ።

ሶልያና ለግድግዳ መልስ ሰጥታ አታውቅም፤ ቢሆንም ተጠይቃ ዝም ማለት ነውር መሰላት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው አለች። ኪሩቤል ከሥራ የሚገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ምን ሲያደርጉ ነው ሲላት፣ ማዕድ ስቀርብ አለች። ስሜቱ ምን ይመስላል ሲላት ትንሽ አሰበችና እውነቱን ተናገረች።

«ባር ባር ይለኛል።»

ሰሚው የመጨረሻውን ቃል ሲፈልግ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መዝገቡ ተዘጋ፦ የሆድ ሕመም፣ እየባሰ የሚሄድ፤ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነሣ፤ ከምግብ ጋር የተያያዘ፤ «ባር ባር» የሚል ድምፅ ያለው።

ሲስተር ፌቨን አፏን ከፍታ ነበር። ወደ ግድግዳው አየችና መልሳ ዘጋችው።

በዚህ ነገር አንድን ሰው ጥፋተኛ ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም የስምምነት ፍሬ ነው። አሥራ አንዱ የጤና ኩባንያዎች የየራሳቸውን የሕሙማን መዝገብ በያዙበት ዘመን፣ አንዱ ሆስፒታል የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። ሰው በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ለምርመራ ደም ይሰጣል፤ ለመድኃኒት የሚቆጣ ሰውነት ያለው ያንኑ መድኃኒት በሌላ ከተማ ይወጋል። ሰው ሞቷል። በመጨረሻ ተቀናቃኞቹ ፉክክራቸውን ትተው ጥምረት መሠረቱ። «አንዴ ይናገሩ፣ ሁሉም ይሰማል» የሚል መፈክርም አወጡ፤ መፈክሩ ዛሬም በየጤና ጣቢያው በር ላይ አለ።

መዝገቦቹ እንዲግባቡ እያንዳንዱ ቃል አንድ ዓይነት ፍቺ ሊኖረው ይገባ ነበር። ጥምረቱ መዝገበ ቃላቱን ለማዘጋጀት ስድስት ዓመት ተቀመጠ። «ልብ» ብቻውን ሁለት ዓመት ፈጀ። አንዱ ደም የሚረጨው ነው ሲል፣ ሌላው እንግዲያው «ልብ አላልኩም»ን የት ልናስገባው ነው ብሎ ተነሣ፤ ስብሰባው ሦስት ጊዜ ተበተነ፣ አንድ ሰብሳቢ ልቡን ታሞ ቀረ። «ልብ» አሥራ አራት ፍቺ ይዞ በጸደቀበት ቀን፣ ከምሳ በፊት ቀጣዩ ቃል «ሆድ» ነበር። ሁሉም ደክሞትና ርቦት ስለነበር የተከራከረ የለም። ከደረት በታች፣ ከዳሌ በላይ ያለ የአካል ክፍል ተብሎ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ተሰብሳቢውም ሆዱን እያሻሸ ወደ ምሳ ወጣ።

በሙሉ ድምፅ ያለፈውን ለመለወጥ ደግሞ የአሥራ አንዱም ሙሉ ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንዱም በአንድ ቀን ተገኝተው አያውቁም።

ሶልያና በሆድ ሕመምተኛነት መኖርን ቀስ በቀስ ተለማመደችው። አውቶቡስ ስትሳፈር በር አጠገብ ያለው ወንበር ይለቀቅላታል፤ ለምን በር አጠገብ እንደሆነ ተሳፋሪው ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከፊቷ ለቆመው ምስር ወጥ የቀዳው የብረት ክንድ እሷ ጋ ሲደርስ ወደ አልጫው ይዞራል። የሰፈሩ ሱቅ በርበሬ አይሸጥላትም። ከእንግዲህ ወዲያ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል ብላ በጣም ባዘነችበት ሰሞን ነው ጎረቤቷ ኤልዳና ነገሩን በሌላ ዓይን እንድታየው ያደረገቻት።

ኤልዳና ልብስ ሰፊ ናት። እኅቷ በሞተችባት ጊዜ ሰሚው ፊት ቀርባ በጥሩ አማርኛ «አዝኛለሁ» ብላ ነበር፤ ስለዚህ የተመዘገበችው በኀዘን ነው። ኤልዳና ስትቀመጥ የአውቶቡሱ ወንበር «አይዞዎት» ይላት ነበር። ዳቦ ቤት ስትገባ ሙዚቃው ይቀንስ ነበር። ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። በየሐሙሱ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት አንድ ኩባንያ የሚልካት አጽናኝ ትመጣና ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትተነፍስ ነበር። ይህ ሁሉ የቆየው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ መዝገቡ ለኀዘን የፈቀደው ያን ያህል ነው። ካለፈ ሕመም ይባላል፤ ክኒን ይታዘዝለታል። ኤልዳና ክኒኑን የጀመረች ሰሞን በጎረቤት ቀብር ላይ ፈገግ ስትል ታይታ፣ የሟቹን ቤተሰብ እስከ ዛሬ ይቅርታ ትጠይቃለች።

«አንቺማ ዕድለኛ ነሽ፣ ሶሊ» አለቻት። «ሆድን የሚያጽናና የለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልዳና በመነጽር ማኅደር ውስጥ በርበሬ እየደበቀች ታመጣላታለች፤ ሶልያናም ስለ ስሕተቱ ማጉረምረም አቆመች። የምትደበቅበት ቦታ ተገኝቷል። ሰው ሁሉ ሆዷን ይጠይቃታል፣ ስለ ኪሩቤል የሚጠይቃት የለም። ባሮክ እንኳ በየእሑዱ ይደውልና «እማዬ፣ ሆድሽስ?» ይላል፤ «እንደዚያው ነው» ትለዋለች፤ ስለ ዝናብ ትንሽ አውርተው ይዘጉታል። የአባቱን ስም ሦስት ዓመት ሙሉ ማንኛቸውም አላነሡም።

ችግሩ የጠዋቱ ጥያቄ ነው። ከሦስቱ መልሶች አንዱን መምረጥ አለባት፤ ሶልያና ደግሞ የቤተ ሙከራ ሰው ናት፣ ሚዛኑ ያላለውን ጽፋ አታውቅም። አልተሻላትም። እንዳለም አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ይልቅ ባሰ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ኀዘኑ ያለፈላት ይመስለው ጀመር። ስለዚህ በየጠዋቱ ሚዛኑ ያለውን ትናገራለች።

በሦስተኛው ዓመት ጥምረቱ ታላቅ ግኝት አበሰረ። መዝገቦቹ ስለተያያዙ፣ አንድ ኩባንያ ለብቻው ሊያየው የማይችለው ነገር ታየ፦ ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆነ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በተመሳሳይ የሆድ ሕመም ይሠቃያሉ። ምርመራ ምንም አያሳይም። የሚነሣው ሲመሽ፣ ብቻ ሲበላ ነው፤ በበዓል ቀን ይበረታል። ስሙ «የምሽት ሆድ» ተባለ። ውሃው ተጠረጠረ፣ ቀጥሎ ጤፉ ተጠረጠረ። በመጨረሻ አፈሩ ተጠረጠረና ከሕመምተኞች ግቢ የተወሰደ አራት መቶ ናሙና የሶልያና ቤተ ሙከራ ደረሰ።

ናሙናው የመጣው በቁጥር ነው፤ ከማን ግቢ እንደተወሰደ አልተጻፈበትም። ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛውን ስትከፍት ግን አወቀችው። ኪሩቤል የፖም ችግኞቹ ሥር የምድጃ አመድ ይበትን ነበር፤ እንዲህ ያለ ዱቄት የመሰለ ግራጫ አፈር በከተማው ሌላ የለም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ሌላው ሁሉ መዘነችው፣ ነፋችው፣ መረመረችው። ሪፖርቱ ላይ ጤናማ ነው፣ ለፖም ይስማማል ብላ ጻፈች። የሥራ ባልደረቦቿ የአራት መቶውን ውጤት ሲያዩ አንዳቸው ስለ ምክንያቱ ምን እንደምታስብ ጠየቃት። አፈሩ ምንም የለበትም አለችና ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

አፈሩ ነጻ ስለሆነ የቀረው ሆድ ብቻ ነው። በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ደረሳት። ለሦስት ዓመት ያለማቋረጥ «ባሰኝ» ያሉ ሕመምተኞች አራተኛ ደረጃ ላይ መድረሳቸውን፣ በጥምረቱ ሐኪሞች ምክር የጨጓራቸው አንድ ሦስተኛ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ መወሰኑን፣ ተራዋም ሚያዝያ አሥራ አራት መሆኑን የሚገልጽ ትሁት ደብዳቤ ነበር። እንቢ ያለ ራሱን ለመጉዳት እንደፈለገ ይቆጠራል፤ ለዚያ ደግሞ መዝገቡ ሌላ ዓምድ አለው። እንዲታረም የሚፈልግ የማረሚያ ክፍል መቅረብ ይችላል።

የማረሚያ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ማርኮን ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ኮቱን በወንበር ላይ ሰቅሎ በሹራብ የሚሠራ ሰው። ከበስተጀርባው ግድግዳ ላይ ሰሚ ነበር። ሶልያና ያመለከተችው ባጭሩ ነው፤ ሆዷን አላመማትም፣ ያለችውና የተጻፈው አንድ አይደሉም። አቶ ማርኮን አሠራሩን አስረዳት። ቃሏ ምን ማለት እንደነበር እዚሁ በራሷ አንደበት ትናገራለች፤ የተናገረችው በሆዱ ምትክ ይገባል፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም እርማት አሠሪዋ፣ ዕድሯ፣ ልጇ፣ አገልግሎት ሰጪዎች ሁሉ ይሰሙታል። ኀዘን ከሆነ፣ እንደ ምሳሌ ነው ያነሣሁት አለ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ሦስት ዓመት ካለፈው ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ክኒኑ ነው የሚኬደው።

ሶልያና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ሰሚው «ተናጋሪ የለም» አለ።

አቶ ማርኮን መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀትና እርሳስ አወጣ። ሶልያና በመሥሪያ ቤት ወረቀት ካየች ስንት ዓመቷ ነው። ጽፎ ወደ እሷ ገፋው። እንዲህ ይል ነበር፦ «እናቴም በዚሁ ነበር የተመዘገበችው። ነገ ጠዋት ተሻለኝ ይበሉ፣ ያልቃል። እሱን ካልፈለጉ እንዳለ ነው ይበሉ፤ ዘጠና ቀን ይራዘማል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሚቀርባት የለም፤ አንድ ቃል ነው፤ ውሸቱን የሚያውቅ ማንም አይኖርም። በየሱቁ፣ በየመንገዱ «ተሻለሽ?» ሲሏት ሰዎች የጠበቁት ይህንኑ ቃል ነበር። ይህን ቃል ጮክ ብላ ተናግራ ከዚያ አልጋ ስትነሣ፣ በግድግዳው በኩል ያለው ትራስ ከእሷ ትራስ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ወርዶ እዚያው እንደሚቀር ታያት። እርሳሱን ወስዳ ከሥሩ ጻፈች።

«አልተሻለኝም። እንዳለም አይደለም።»

አቶ ማርኮን አነበበው። በላጲስ ሁለቱንም ጽሑፍ አጠፋና ፍርፋሪውን በእጁ ጠረገው። «እንግዲህ ሚያዝያ አሥራ አራት፣ እናቴ» አለ። «ባዶ ሆድዎን ይምጡ።»

ሆስፒታሉ ከከተማው ዳር ነው። ሚያዝያ አሥራ አራት ጠዋት ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ትነፍሳለች፤ ሶልያና ጋቢ ደርባ ደረሰች። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ሰዎች በረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠዋል። ከሐኪሞቹ አንዱ ዘግይቶ ስለነበር ሁለት ሰዓት የተባለው አራት ሰዓት ሆነ። በእምነት የምትባል፣ ከሸኖ የመጣች፣ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ወፍራም ሴት አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሚ አየት አደረገችና አነጋገረቻት።

«አንቺም ሆድሽን ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመቱ?»

«ሦስት» አለች ሶልያና።

«የኔ ሰባት ሊሞላው ነው። ድንገት ነው ያንቺ?»

«ድንገት።»

«የኔስ ቆይቷል። ዘጠኝ ወር አስታምሜው...» በእምነት ሰሚውን አየችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሆዴን ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል።»

ከዚያ በእምነት፣ የዕቃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ምንም ሳይመስላት፣ «ቁመቱ እንዴት ነው፣ ያንቺ ሆድ?» አለች።

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሶልያና በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ አታውቅም።

«ረጅም ነው» አለች። «በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።»

«የኔዋ አጭር ናት» አሉ ከፊት ለፊት የተቀመጡ፣ መርዕድ የሚባሉ ሽማግሌ። «ምላሷ ግን እስከ ሰላሌ ይሰማል።» ሰሚው ሕመሙ አጭር፣ ወደ ምዕራብ የሚዛመት ብሎ መዘገበ። አንዲት ሴት ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ነገሩ አዳራሹን አዳረሰው። የአንዷ ሆድ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያንቀላፋል። የሌላዋ ሆድ ካልሲውን በየሶፋው ሥር ይጥል ነበር፤ አሁን ሶፋውን ስታንቀሳቅስ የሚገኝ ነገር የለም። ሽማግሌው የእሳቸው ሆድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨው ታበዛ እንደነበረና ዛሬ ማንኛውም ምግብ አልጫ እንደሚሆንባቸው ተናገሩ። ሰሚው አንዱንም ሳይንቅ ይጽፋል። ስም የሚጠራ የለም፤ የሚያለቅስም የለም፤ ዓይኑን የሚጠርግ ቢኖር የሆድ ሕመም ዓይን ያስለቅሳል።

«ያንቺስ?» አለች በእምነት። «ዝም አልሽ እኮ።»

ሶልያና የጋቢዋን ጥለት በጣቷ ትለካ ነበር።

«የኔ ሆድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል» አለች። «በር ላይ ቆሞ ቁልፍ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሱሪ ኪስ፣ ከዚያ የኮት፣ ከዚያ ቦርሳ። ቁልፉ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ኪስ ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነግሬዋለሁ። በሩን እኔ መክፈት እችል ነበር፤ ግን ሲፈልግ መስማት ደስ ይለኛል፣ አልከፍትለትም።» ቆም አለች። «አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማኛል።»

«የሚቅጨለጨል ነው?» አሉ አቶ መርዕድ በቀስታ።

«አዎ፣ የሚቅጨለጨል።»

በእምነት ሰፊ እጇን አንሥታ የሶልያና ሆድ ላይ፣ ልክ የሚያመውን ቦታ እንደምትዳስስ፣ አሳረፈችና ቆየች።

ስሟ ሲጠራ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሐኪሙ ጓንቱን አድርጎ ቆሟል፤ ከቢላው በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ ጥያቄውን የሚጠይቀው ደግሞ ግድግዳው ነው። ያው ድምፅ ነው፣ የማትቸኩለዋ ሴት።

«ሆድዎ አሁን እንዴት ነው? ተሻለዎት፣ እንዳለ ነው፣ ወይስ ባሰዎት?»

ሶልያና «ባ» ልትል ከንፈሯን ገጠመች። ከልማዷ ነው። ከዚያ ግን፣ ናሙና ሚዛን ላይ አስቀምጣ መርፌው እስኪረጋ እንደምትጠብቀው፣ ጠበቀች። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። መርፌው ረጋ። አልተሻላትም፤ እሱን ማንም አያስብላት። ጠዋት ከነበረው ግን አልባሰም። እዚያው ነው፤ ቁልፉን እየፈለገ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንዳለ ነው» አለች።

ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ «እግዜር ይማርዎት» አላለም። ቀዶ ሕክምናው ለዘጠና ቀን ተራዝሟል አለ። ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ፤ ቅሬታ ያደረበት አይመስልም ነበር።

ያን ቀን ከሠላሳ ሁለቱ ሃያ ስምንቱ «እንዳለ ነው» አሉ። በሳምንቱ ጥምረቱ መግለጫ አወጣ። የምሽት ሆድ ለመድኃኒት ባይበገርም ለመጠበቅ መልካም ምላሽ እንደሚሰጥ መረጃው አረጋግጧል፤ ስለዚህ ሕመምተኞች በየዘጠና ቀኑ ቢያንስ ለሦስት ሰዓት እንዲጠብቁ ይመከራል። ለምቾታቸውም ሲባል ወደፊት፣ አሥራ አንዱም ኩባንያዎች በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቁት፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ለብቻው የሚጠብቅበት ክፍል ለመሥራት ታቅዷል።

በእምነት መግለጫውን ሰምታ ደወለች። ክፍሉ እስኪሠራ ስንት ዓመት ይፈጃል ብለሽ ታስቢያለሽ አለቻት። አሥራ አንዱም መስማማት ካለባቸው ዕድሜያችንን ያደርሰናል አለች ሶልያና።

እሑድ ባሮክ ደወለ። እንደ ወትሮው ስለ ሆዷ ጠየቀ፤ እንዳለ ነው አለችው። ስለ ዝናብ ያወራል ብላ ጠበቀች።

«እማዬ፣ እኔም ተመዘገብኩ» አለ።

«በምን?»

«በሆድ።»

ሶልያና ተቀመጠች። ባሮክ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ በአባቱ ቀብር ዕለት ከእሷ ጋር ወንበር ሲያስተካክል ነበር። በአዳራሹ እንደተማረችው ጠየቀችው።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣብህ?»

«አሥራ አንድ ላይ። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴ ከሥራ ሲገባ...» ድምፁ ተቆረጠ፤ ከዚያ ተመለሰ። «በር ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲፈልግ።»

መስኮቱ ላይ የፖሞቹ ቅጠል ይንቀሳቀሳል። ሶልያና ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ጠዋት ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?»

«ባሰኝ ነዋ። ሌላ ምን እላለሁ?»

«ከባሰህ በል። ካልባሰህ አትዋሽ» አለችው። «ስትጠብቅ ግን እዚህ መጥተህ ጠብቅ። አግዳሚው ሰፊ ነው።»

እመጣለሁ አለ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ማንኛቸውም ስልኩን አልዘጉም።

ስልኩም የሰማውን ለመዝገቡ አስተላለፈ። በነጋታው አልጋው ዝቅ ብሎ ከቀሰቀሳት በኋላ ሶልያና መዝገቧን ከፈተች፤ ከሆድ ሕመሙ ሥር አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ በልጅም የታየ፤ ከአባት ወገን፣ በዘር የሚተላለፍ። አነበበችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታረም ነገር አላገኘችበትም።